ክምሩን የበተንኩ ቀን

ወንድሜ በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን በግቢያችን የሆነውን ነገር የሚያወራው ወንድሜ ራሱ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ያኔ እሱ ዓይኑን እንኳ አጥርቶ ያልገለጠ ጨቅላ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ግን ወሬውን ይዞ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ እኔ አፌን ከከፈትኩ "አንቺ ተይው፣ ሕፃን ነበርሽ፣ ምኑን ታስታውሽዋለሽ" ይሉኛል። ትምህርት ቤት የገባው እሱ ነው፤ እኔ ደጁንም አልረገጥኩ። የተማረ ሰው በእቅፍ እያለ የሆነውን ያስታውሳል፣ ያልተማረ ሰው በእግሩ ቆሞ ያየውን ይረሳል ማለት ነው?

ይህም ባልከፋኝ። የሚያንገበግበኝ ማሳረጊያው ነው። "ከዚያማ ይቺ እህቴ ቀናችና…" ይላል ወደኔ እየጠቆመ፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ቀናተኛ ሆኜ ኖርኩ። የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ "እማማ፣ ሕፃን ላይ ቀናሽ አሉ" እያሉ ያሾፉብኛል። እንግዲህ ዛሬ እኔ ልናገር። የሚስቅ ካለ ጨርሼ ይሳቅ።

የምንኖረው ስምንት ቤተሰብ በተከራየው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፤ ምላስ ግን ቁጥር የለውም። አባቴ አናጢ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ከበሩ አጠገብ የተቀጠለች ዳስ ነበረች። ከእኛ ጋር የአባቴ ታላቅ እህት ትኖራለች፤ እኔ እቴቴ ነው የምላት። እኔን ደግሞ እሷ "ምላጭ" ትለኝ ነበር፤ ምክንያቱን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ቆሻሻ የሚያነሳው ጋሪ መምጣት ያቆመ ጊዜ የግቢው ጥራጊ በሩ ላይ ተቆልሎ ዝንቡ አላስቆም አላስቀምጥ አለን። ሌላው ሲያጉረመርም እቴቴ አባቴን ሳንቃ አስመታችውና ከጓዳችን የኋላ ግድግዳ ጋር ተደግፎ በሦስት በኩል የታጠረ ማከማቻ አሠራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስምንቱ ቤት የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የሙዝ ቅርፊት፣ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ የሚገባው እዚያ ሆነ። አንድ ባልዲ ልጣጭ ሲገባ በላዩ አንድ ባልዲ የአባቴ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል። ከወራት በኋላ ከሥሩ የሚዛቀው ጥቁር አፈር ላይ እቴቴ የተከለችው ጎመን ጆሮው የዝሆን ነበር።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ባልዲውን ይዞ ይሰለፋል። እቴቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን በእንጨት እየቆሰቆሰች ትፈትሻለች። ጉምሩክ ማለት ናት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው አንድ ቀን ሰፊውን። ሰፊው ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ተከራይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውንና አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚውል ሰው።

"አጥንት ናት፣ እሜቴ። ትንሽ ናት እኮ፣ ትበሰብሳለች።"

"ያንተም ምላስ ይበሰብሳል ብለን ስንጠብቅ ይኸው አርባ ዓመት አለፈው። አውጣው!"

"እኔ አወጣዋለሁ፣ አንቺ ግን ግቢውን መቃብር አስመሰልሽው" አላት አጥንቱን እየለቀመ።

ይቺ የሰፊው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ጠዋት ጠዋት እቴቴ ቁመቷን የሚያህል ፌሮ ክምሩ መሐል ትሰካለች። ፊቷን ታጥባ እስክትመለስ ትተወውና ትመዘዋለች፤ ከዚያ ጫፉን የእጇ አንጓ ላይ ታስነካዋለች። ካቃጠላት ፊቷ ይበራል። ብርድ በሆነ ጠዋት ከላዩ እንፋሎት እየተግተለተለ ሲወጣ አየዋለሁ። እንግዲህ እኔ ያንን ነገር እንስሳ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ይበላል፣ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣ በሥሩ በኩል ደግሞ ያወጣል። እንስሳ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

የሚበላውንም አውቃለሁ። ከዛፉ ሳይበስል የረገፈ ፍሬ ለእሱ ነው። የሻገተ ዳቦ ለእሱ ነው። አንዴ እግሯ የተጣመመ ጫጩት ነበረችኝ፤ ሁለት ቀን በጥጥ ጠቅልዬ ይዣት ሞተች። እቴቴ ተቀብላኝ ክምሩን በክንዷ ልክ ቆፍራ አስገባቻት። ሳለቅስ አይታ "ለቤት ያልሆነ ለክምሩ ይሆናል፣ በይ አታልቅሺ" አለችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በእንጨት ጎርጉሬ ፈለግኋት፤ ላባዋን እንኳ አላገኘሁም።

ወንድሜ የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ማንም ሳያስብ። አዋላጇን ሰዉ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፤ አቅፋ ስታሳየኝ የአባቴን ጫማ አያህልም ነበር። ቆዳው ቀይ፣ ጆሮው እንደ ረጠበ ወረቀት የታጠፈ። ድምፁ እንኳ ለቅሶ አይባልም፤ በር ሲጥ ሲጥ ሲል የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

"ቀኑ ሳይሞላ ነው የመጣው" አለቻቸው ሲስተር። "ምንም የጎደለው የለም። ሙቀት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ።"

ሆስፒታሉ ያሉት የሕፃን ማሞቂያዎች ሁለት ነበሩ፤ በሁለቱም ውስጥ የሰው ልጅ ተኝቷል። ላምባ በዚያ ሰሞን ከገበያ ጠፍቷል፤ እንጨቱ በዝናብ ርሶ ጢሱ ዓይን ያወጣል። እናቴ በትኩሳት ተይዛ አንዴ ትነቃለች፣ አንዴ ታንቀላፋለች። ይህን ሁሉ የማውቀው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወንድሜ ሳይበስል የረገፈ ነው።

በሦስተኛው ቀን እቴቴን ክምሩ ፊት ተንበርክካ አገኘኋት። ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ትፈልጋለች። ስታወጣው በእጇ ጠርሙስ ይዛለች፤ ውሃ የሞላ፣ በቡሽ የተደፈነ ጠርሙስ። ላዩን ጠርጋ የአባቴን ካልሲ አለበሰችው። ሌላ አወጣች፤ እሱንም ካልሲ አለበሰችው። አምስት ጠርሙስ ካልሲ ለብሶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ተከትዬ በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ በወንድሜ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ በእግሩ በኩል አንድ አስተኛችለት። የቀዘቀዙትን ደግሞ ወስዳ መልሳ ክምሩ ውስጥ ከተተቻቸው።

ቆሜ አሰብኩ። እናቴ እኔን ልታጥበኝ ስትል ውሃው እንዳያስደነግጠኝ መጀመሪያ እግሬን ብቻ ታስነካኛለች። እነዚህም እንደዚያው እያደረጉት ነው አልኩ። ከክምሩ ትንሽ ትንሽ እያመጡ ያለማምዱታል፤ ሲገባ እንዳይደነግጥ።

ዛሬ ይህን ስናገር እኔም ሳቅ ይመጣብኛል። አክስቴ አምስት ጠርሙስ ውሃ በድንች ልጣጭ ሙቀት አግላ ልጅ ታሞቅ ነበር፤ ማንም ሳያስተምራት ከራሷ ጭንቅላት ያወጣችው ዘዴ ነው። እኔ ደግሞ ከመጋረጃ በስተጀርባ ቆሜ ነፍሰ ገዳይ አድርጌ ፈርጄባታለሁ። ልጅ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ይግባኝም የለው።

ከዚያ አባቴ ሜትሩን ዘርግቶ ወንድሜን ለካው። እናቴ ተኝታ ነበር። ከራሱ እስከ ተረከዙ ለካና ቁጥሩን በእርሳስ መዳፉ ላይ ጻፈ። አባቴ ጠረጴዛ ይሠራል፣ ወንበር ይሠራል፤ ሰው ሲሞት ሳጥን የሚሠራውም እሱ ነው። ተከትዬው ወደ ዳሱ ሄድኩ። ስስ ሳንቃ ልጎ ትንሽ ሳጥን መታ፤ ከዚያ በውስጧ ሌላ ሳጥን መታ፤ በሁለቱ መሐል ያለውን ክፍተት በሰጋቱራ እየጠቀጠቀ ሞላው። ልጣጩ ላይ የሚነሰነሰው ያው ሰጋቱራ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ ለማን ነው?"

"ለወንድምሽ።"

"በጣም ትንሽ ናት።"

"እሱም ትንሽ ነው፣ የኔ ልጅ።" ዓይኑን በክንዱ አበሰ። "ብናኙ ነው" አለኝ ሳልጠይቀው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልወርድልኝ አለ፤ ያንንም ልብ ያለ ሰው የለም። ልብ የሚለኝ ቢኖር ኖሮ ቀናች ይሉ ነበር፤ ያም ቀረብኝ።

ቀጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። የእቴቴ ፊት ጠዋት ጠዋት እየጠቆረ ሄደ። ፌሮውን ትመዛለች፣ አንጓዋ ላይ ታስነካለች፣ ትጫነዋለች፣ ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ትተፋበታለች። ክምሩን በላስቲክ ሸፍና ዙሪያውን ድንጋይ ጫነችበት። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብላ አባቴን በቦት ጫማው ላዩ ላይ አውጥታ አስረገጠችው።

"ጠበቅ አድርገህ ርገጠው! እንደ ሙሽራ አትንሳፈፍበት!"

"እትዬ፣ ጉልበቴ አለቀ እኮ።"

"ልጅህ ጉልበት የለውም፤ አንተ አለህ። ርገጥ!"

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሲስተር መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አቁማ ገባች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሥር ነበርኩ።

"ጠርሙሶቹ ለብ ብለው ነው የሚወጡት" አለች እቴቴ። "ክምሩ ሞቶብኛል።"

"እግሩም እየቀዘቀዘ ነው" አለች ሲስተር። "አልዋሽዎትም፤ እንዲህ ከሆነ ለነገ አይደርስም። ሳጥኑ አልቋል?"

"ማታ ጨርሼዋለሁ" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ከሰዓት በሳጥኑ አድርገን ወደ ክምሩ እናስጠጋው። ሌላ ምን አለን?"

እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። የቀረውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ይዤ በአልጋው ሥር ተስቤ ወጣሁ። ቆይቼ ብሰማ ኖሮ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ። ሲስተር የቀጠለችው እንዲህ ነበር፦ ክምሩ የተደገፈበት የጓዳው ግድግዳ የሳምንታት ሙቀት ጠጥቷልና ገና አልቀዘቀዘም፤ ጓዳውን ባዶ አድርጋችሁ ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቁት። ልጅ ሁልጊዜ ግማሽ ሰምቶ ሙሉ ይሮጣል።

ረፋዱ ላይ እቴቴ ላምባ ፍለጋ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። አባቴ ምናልባት ማሞቂያው ተለቅቆ እንደሆነ ብሎ ከሲስተር ጋር ወደ ሆስፒታል ሄደ። እናቴ ወንድሜን ደረቷ ላይ አድርጋ አንቀላፋች። ዝናቡም አባራ። እኔ ግቢው መሐል ቆሜ ክምሩን አየሁት። እንስሳ ከሆነ ሆድ አለው አልኩ። ሆዱን ካፈሰስኩት የት ያስገቡታል?

መንሹ ከኔ ይረዝማል። ድንጋዮቹን አንከባለልኩ፤ ላስቲኩን ጎትቼ ቀድጄ ጣልኩ። የላዩን ስወስድ ቀላል ነበር። መሐሉ ላይ ስደርስ መንሹ አልገባ አለኝ፤ እንደ ሊጥ ተጣብቋል፣ ጥቁርና የሚያዳልጥ ነው፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል። በእጄ ጀመርኩ። እየዛቅኩ ወደ ቧንቧው ወረወርኩ፣ ወደ በሩ ወረወርኩ፣ ወደ ሰፊው ደጃፍ ወረወርኩ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ሣሩ ላይ ደረደርኩ። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። እያለቀስኩ እሰድበው ነበር፤ ከእቴቴ የተማርኩትን ስድብ በሙሉ አንዱንም ሳላስቀር።

እኔ ዛሬ በደጄ ክምር ያለኝ ሴት ነኝ፤ ያ የእንቁላል ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ታፍኖ ነበር። በዝናብ ርሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቦት ጫማ ተረግጦ ትንፋሽ አጥቷል። ሰውን አፍና አፍንጫውን ይዘህ ሙቅ ብትለው ይሞቃል? ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ በግቢው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ሰፊው ለምሳ ሲወጣ የሙዝ ቅርፊት ረግጦ ደጃፉ ላይ በመቀመጫው አረፈ።

"ኧረ ይቺ ልጅ አብዳለች! ኧረ ያዟት! ኧረ ወገቤን!"

ከየቤቱ ሰው ወጣ። በዚያው ቅጽበት እቴቴ በበሩ ገባች። አየች። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ፤ ባዶ ስለነበረ ድምፁ ትልቅ ነበር። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። መጥታ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝና አሁንም ሳትጮህ "ለምን?" አለችኝ።

መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ሰፊው ቀደመኝ። "ቅናት ነዋ፣ እሜቴ! ታናሽ ሲመጣ ታላቅ ያብዳል፤ የታወቀ ነው" አለ ወገቡን ይዞ። ያቺን ቃል የወለዳት እሱ ነው። ስድሳ ዓመት ያሳደጓት ግን የራሴ ዘመዶች ናቸው።

እቴቴ በክንዴ ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ጓዳው ተጠርጓል፤ ማሰሮውም እቃውም ወጥቷል። ሳጥኗ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ ውስጧ የእናቴ ነጠላ ተነጥፏል፣ በላዩ ንጹሕ ጥጥ። እቴቴ መዳፌን ይዛ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ለብ ይላል።

"ወንድምሽን እዚህ ልናስተኛው ነበር። ይሄን ግድግዳ የሚያሞቀው እሱ ነበር፣ አንቺ የበተንሽው። አሁን ገባሽ?"

ገባኝ። እንዲህ ነገር በአንድ ጊዜ ሲገባኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ጠርሙሱ ገባኝ፣ ካልሲው ገባኝ፣ ሰጋቱራው ገባኝ፣ የአባቴ ዓይን ገባኝ። እናቴ ወንድሜን እንደታቀፈች ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ መጥታ "ለምን እንዲህ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ?" አለችኝ በደከመ ድምፅ። ምን ልበላት? ልጃችሁን ልትቀብሩት መስሎኝ ነው ልበላት? እሷ ፊት? እቴቴ ፊት? ቀናሁ መባሉ ቀለለኝ። ራሴን አቀረቀርኩ፤ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም እሺ ማለት ሆነ።

እቴቴ ከዚያ በኋላ ለኔ ጊዜ አልነበራትም። ግቢው መሐል ወጥታ "ባልዲ ያላችሁ ባልዲ፣ እጅ ያላችሁ እጅ! የዛሬ ልጣጭ፣ የትናንት ልጣጭ፣ ሣር፣ ምንም ነገር!" አለች። ፍተሻ የለም፣ ጉምሩኩ ተዘጋ። ስምንቱም ቤት ያለውን ይዞ ወጣ። አባቴ ባዶ እጁን ከሆስፒታል ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም አገኘው፤ ምንም ሳይጠይቅ ሁለት ከረጢት ደረቅ ፍቅፋቂ እንጨት ከዳሱ ጎትቶ አመጣ። እኔም ለቀምኩ። ማንም ልቀሚ አላለኝም፣ ማንም ተይ አላለኝም።

ጭቃው ከደረቁ፣ አሮጌው ከትኩሱ ተቀላቅሎ እንደመጣ ተወረወረ። ለመርገጥ ጊዜ አልነበረም። ላስቲኩንም እኔ ቀድጄው ስለነበር ከላይ ጆንያ ጣል ተደረገበት።

ለልጁ ደግሞ እስከዚያው ሙቀት ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ሰፊው የከሰል ካውያውን ይዞ ደጃችን ላይ ተሰየመ። ፎጣ ይተኩሳል፣ ትኩሱን ያቀብላል፣ የቀዘቀዘውን ይቀበላል። ያለችውን ከሰል ሁሉ ያን ዕለት ጨረሳት።

"አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ" አለው አባቴ።

"ምን ታመሰግነኛለህ! ይሄ ልጅ ካልዳነ እህትህ ክምሩን በኔ ሬሳ ነው የምታሞቀው" አለ ካውያውን እያራገበ። ወገቡን አሁንም ይዟል።

ሌሊቱን አባቴ፣ እናቴና እቴቴ እየተፈራረቁ ደረታቸው ላይ ይዘውት አነጉ። በማግስቱ ፌሮው ለብ ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ክምሩ ጆንያው ሥር እንደ ባቡር ይጨሳል። እቴቴ ፌሮውን መዘዘችና አንጓዋ ላይ ስታስነካው "ውይ!" ብላ ከእጇ ጣለችው። ቆዳዋ ተልጦ ነበር። የተቃጠለ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

ጠርሙሶቹ ያለ ጨርቅ የማይያዙ ሆነው ወጡ። ግድግዳውም ሞቀ፤ ወንድሜ ሳጥኗ ውስጥ ገባ። ከሰዓት በኋላ እግሩ ሞቀ። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ጩኸት ከጓዳ ተነስቶ ግቢውን አናጋው። ሰፊው መኪናውን አቁሞ በመስኮት ብቅ አለ።

"ምንድን ነው ይሄ ነገር? ድመት ነው?"

"ልጄ ነው!" ብላ መለሰችለት እናቴ፤ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እግር ውጭ ቆማ። "ልጄ ነው፣ ርቦት ነው!"

እኔ ያን ጊዜ ዳሱ ጥግ ቆሜ ነበር። ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁና የተደፋ ድስት አንሥቼ ከሥሩ የቀረውን በጣቴ ጠርጌ በላሁ። በወጉ ከበላሁ ስንት ቀኔ ነበር።

እቴቴ ለምን እንደበተንኩት ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ክምሩ ግን ለምን እንደነደደ ቀን ከሌት ስታሰላስል ቆየች። አንድ ጠዋት ፌሮውን ይዛ ቆመች፤ ክምሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ እንደገና ክምሩን። ክምሩ በነደደ በስምንተኛው ቀን "ምላጭ፣ መንሹን ያዢ" አለችኝ። አብረን አገላበጥነው። ከዚያ ወዲያ በየስምንት ቀኑ ሆነ። ለጎረቤቱ ደግሞ "ክምር ካልተገላበጠ አይሞቅም፤ ይሄን የደረስኩበት እኔ ነኝ" ትላለች ደረቷን ነፍታ። አጠገቧ መንሽ ይዤ ቆሜ እሰማታለሁ። ልታርፍ ጥቂት ሲቀራት "ያን ቀን ባትበትኚው ኖሮ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። ኩራተኛ ነበረች። ከማን ወረስሽው እንዳትሉኝ።

ወንድሜ ይኸውና ስድሳ አልፎታል። ወንበር የሚሰብር ሰው ሆኗል። ባለፈው እሑድ እልጁ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሳለ ያንኑ ወሬ አመጣ፤ "ይቺ እህቴ ቀናችና…" ላይ ሲደርስ ተነሥቼ በእጅጌው ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣሁት። ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ሲጀመር ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሳጥኗ ላይ ስንደርስ ፈገግታውን ተወው።

"ስድሳ ዓመት ይሄን ይዘሽ?" አለኝ።

"ምን ልበል? እነሱ በሕይወት እያሉ ልጅ ቀባሪ መስለውኝ ነበር ብዬ ልንገራቸው?"

"ታዲያ አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ ማለት ነው።"

"አላዳንኩህም። ላጠፋው ነው የበተንኩት፤ ነደደ። እንዳጋጣሚ ዳንክ። ያልሠራሁትን አትለጥፍብኝ፤ ውሸት አልወድም። ግን አልቀናሁም።"

"አልቀናሽም።"

"ድገመው።"

"አልቀናሽም፣ እህት ዓለም። ኧረ በፍጹም!" ከዚያ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ፣ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስድሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንድ ሳቅ ወረደ፤ እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ገና ድሮ በእጅጌው እጎትተው ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?" አለኝ ፊቱን እየጠረገ። "ገብቼ ለሁሉም ላስተካክል?"

"እሱማ ግዴታህ ነው፤ አሁኑኑ ገብተህ ትናገራለህ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሌላም አለ። ወገቤ አልታዘዝ ካለኝ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ክምሬን የሚያገላብጥልኝ ሰው የለም። ቅዳሜ በጠዋት ና። ልጅህን አትላክ፣ ሠራተኛም አትላክ፣ ገንዘብም አትላክ። አንተ ራስህ ና፣ እጅጌህን ሰብስብና ገልብጥልኝ። በስምንተኛው ቀን ደግሞ ተመለስ።"